ራጁ "ንጹህ ነው" አለኝ፣ ኤም አር አዩ ደሞ ሌላ ነገር አወራ፦ ልም አጥንት ሳያልቅ በፊት ማወቅ ይቻላል?

ጉልበቴ_ተናገረ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰላም ወገን። ትንሽ ስለሚረዝም ይቅርታ፣ ግን ከስሩ ካልጀመርኩ አይገባችሁም።

38 ዓመቴ ነው፣ ኡበር ነው የምሠራው፣ በቃ ቀኑን ሙሉ ቀኝ እግሬ ፔዳል ላይ ነው። የዛሬ 14 ዓመት ጃን ሜዳ ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ዞረ፣ "ጧ" ሲል እኔ ብቻ ሳልሆን በረኛችንም ሰምቷል። ያኔ ለጉልበት ብሎ ሆስፒታል የሚሄድ ማን አለ፣ ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ፣ አሹኝ፣ ቅቤ ቀብተው አሰሩኝ፣ በወሩ ቆሜ ሄድኩ፣ በዓመቱ ኳስ ተመለስኩ። አለቀ ብዬ ረሳሁት።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ደረጃ ስወርድ ውስጡ አሸዋ የገባበት ይመስለኛል፣ ይንቋቋል፣ ረጅም ሰዓት ነድቼ ስወርድ ደርቆ እንቢ ይለኛል። ሐኪም ጋ ሄድኩ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ "ንጹህ ነው፣ ምንም የለም" ተባልኩና ማስታገሻ ይዤ ወጣሁ። ሲብስብኝ ሌላ ሐኪም ኤም አር አይ አዘዘልኝ። ሪፖርቱ ምን ይላል መሰላችሁ፣ ኤሲኤል የሚሉት ጅማት የድሮ ብጥስ ነው፣ በውስጠኛው በኩል ያለው የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ደሞ ልም አጥንቱ ማለትም ካርቲሌጁ ግሬድ 2 ጉዳት አለው።

አሁን ጥያቄዬ፣ ራጁ ይሄን ሁሉ እንዴት ሳያይ ቀረ? ሁለተኛ ዩቲዩብ ላይ ቲ2 ማፒንግ የሚባል ነገር አየሁ፣ ልም አጥንቱን በቀለም ቀብቶ ገና ሳይበላሽ በፊት ያሳያል ይላሉ፣ ከኪሴም ቢሆን ከፍዬ ላሰራው ወይ? የግራው ጉልበቴም እንደዚህ ሳይሆን እንዲታይ ፈልጌ ነው። ቤተሰብ ሁሉ "ቅባቱ አልቋል" እያለ እያስፈራራኝ ነው።

---

አራዳው · አዲስ

ቅባቱ ካለቀ ኦይል ቼንጅ ነዋ ወንድሜ፣ ፊልትሩንም አብረህ ቀይር 😂 ይማርህ ግን የምር

---

ማግኔት_ቤት · ሜሪላንድ

እግዜር ይማርህ ወንድም። እኔ ኤም አር አይ ማሽን ላይ ነው የምሠራው፣ 11 ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ምስሉን የማነሳው ሰውዬ ነኝ፣ ስለዚ ስለ ማሽኑ የምልህን ውሰድ ስለ ሕክምናው ግን የራስህን ሐኪም ስማ።

ራጅ የሚያየው አጥንት ነው። ልም አጥንት ደሞ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ከ65 እስከ 80 ፐርሰንት፣ ራጁ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል። ታዲያ ራጅ አይተው "መገጣጠሚያው ተበልቷል" የሚሉት እንዴት ነው ካልክ፣ በሁለቱ አጥንቶች መሀል ያለውን ክፍተት አይተው ነው። ክፍተቱ ከጠበበ መሀል ላይ የነበረው ነገር ሳስቷል ብለው ይገምታሉ፣ ዳርዳሩን ደሞ አዲስ የአጥንት ሹል በቅሎ እንደሆነ ያያሉ። ከ0 እስከ 4 የሚሄደውን መለኪያ ኬልግሬንና ሎውረንስ የሚባሉ ሐኪሞች በፈረንጆቹ 1957 ነው ያወጡት፣ ዛሬም እሱ ነው የሚሠራበት። ምስጥ የበላው ምሰሶ በለው፣ ራጅ የሚነቃው ጣሪያው ሲጎብጥ ነው። ያንተ ጣሪያ ገና አልጎበጠም፣ ለዛ ነው "ንጹህ" የተባልከው፣ ሰውየው አልዋሸህም።

ኤም አር አይ ግን የሚያዳምጠው ውሃውን ነው፣ በትክክል ለመናገር ውሃው ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን። እኔ የምሠራበት ማሽን 3 ቴስላ ነው፣ ከመሬት ማግኔት 60 ሺ እጥፍ አካባቢ። ሃይድሮጅኖቹ ማግኔቱን ተከትለው ይሰለፋሉ፣ በሬድዮ ሞገድ ነካ ታደርጋቸዋለህ፣ ከዛ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ የሚያወጡትን ድምፅ ትቀዳለህ እንበል። የጉልበት ልም አጥንት በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢሆን ነው ውፍረቱ፣ በሱ ላይ ያለችን ጭረት ማየት መቻሉ እኔን እስካሁን ይገርመኛል። ግሬድ 2 ማለት በሚበዙት ሪፖርቶች ላይ ጉድጓዱ ከውፍረቱ ግማሽ አልደረሰም ማለት ነው። ግሬድ 4 ሲሆን ነው አጥንቱ ራቁቱን የሚቀረው።

ቲ2 ላልከው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ከሺፍት ስወጣ እጽፍልሃለሁ

---

ሰብለ_ፊዚዮ · አዲስ አበባ

ማግኔት ቤት እስኪመለስ እኔ አንድ ነገር ልበል፣ "ቅባቱ አልቋል" የሚለው ነገር የስንቱን ሰው እግር እንዳሰረ ብነግራችሁ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። በሽተኛ ይመጣል፣ "ቅባቴ አልቋል ስለተባልኩ መራመድ አቁሜያለሁ" ይለኛል፣ ስድስት ወር ቁጭ ብሎ ጭኑ ሟሙቶ የልጅ ክንድ አክሏል። ልም አጥንት የደም ስር የለውም እኮ፣ ምግቡን የሚያገኘው ስትራመዱ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ቁጭ ካልክ አስራብከው።

ሌላው ደሞ ነርቭም የለውም። ሕመሙ የሚመጣው ከሥሩ ካለው አጥንት፣ ከሽፋኑ፣ ከጅማቱ ነው። ለዛ ነው በጣም የተበላ ጉልበት ይዞ የሚጨፍር፣ በትንሽ ነገር ደሞ የሚያነክስ ሰው የምናየው። ጉልበቴ_ተናገረ ጭንህን ለካው ወይ፣ ቀኝና ግራ እኩል ነው? በሜትር ለካውና ንገረኝ።

---

ማግኔት_ቤት · ሜሪላንድ

ተመለስኩ፣ ቡና ይዣለሁ፣ ተቀመጡ።

ልም አጥንት ውስጥ ከውሃው ሌላ ሁለት ዋና ነገር አለ። አንዱ ኮላጅን ነው፣ እንደ መሶብ ስፌት ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ገመድ። ሌላው በስፌቱ መሀል የታጨቀው ፕሮቲዮግላይካን የሚባለው ነው፣ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ውሃን ስቦ ይይዛል፣ ጉልበት ላይ ስትቆም ውሃው ተጨምቆ እንዳያልቅ የሚያደርገው እሱ ነው። ነገሩ መበላሸት ሲጀምር ጉድጓድ አይደለም የሚቀድመው። መጀመሪያ ያ የታጨቀው ነገር እየሾለከ ይወጣል፣ ስፌቱ ይላላል፣ ውሃው እንደልቡ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ ውፍረቱ ግን ያው ነው፣ እንደውም አንዳንዴ ያብጣል። በተለመደው ኤም አር አይ ብታየው መሶቡ ሙሉ ነው፣ ደህና ነው ብለህ ታልፋለህ።

ቲ2 ማፒንግ የሚለካው የውሃው ሲግናል ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደሚጠፋ ነው። ስፌቱ ጥብቅ ከሆነ ቶሎ ይጠፋል፣ ከላላ ይቆያል። ጤነኛ ልም አጥንት በ3 ቴስላ ከ30 እስከ 40 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይሰጥሃል፣ ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው ወገን ዝቅ ያለ፣ ላይኛው ወገን ከፍ ያለ። ያየኸው ቀለም ማለት ይሄ ቁጥር በቀለም ተቀይሮ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ቲ1 ሮ የሚባል ወንድም አለው፣ እሱ የፕሮቲዮግላይካኑን መጉደል ይበልጥ ይነካል ይባላል፣ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲና ሳንፍራንሲስኮ ያሉ ሰዎች ብዙ ደክመውበታል። በተለይ እንዳንተ ኤሲኤል የተበጠሰባቸውን ሰዎች ተከታትለው ራጅ ምንም ሳያሳይ ቁጥሩ ሲቀየር አይተዋል።

አሁን መራራው። ቁጥሩ ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ የኔ ማሽን 38 ያለው ሌላ ቦታ 43 ሊል ይችላል። ቅድም ሮጠህ መጥተህ ከሆነ ይለያያል፣ ለዛ ነው ጥናት ላይ ሰውየውን መጀመሪያ አረፍ የሚያስብሉት። ደሞ ማጂክ አንግል የሚሉት ጣጣ አለ፣ የኮላጅኑ ገመድ ከማግኔቱ አቅጣጫ ጋር 55 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ምንም ሳይበላሽ ቁጥሩ ይዘላል፣ የጉልበት አጥንት ደሞ ክብ ስለሆነ የሆነች ቦታ ላይ 55 መሆኑ አይቀርም። ይሄን የማያውቅ ሰው ቀዩን አይቶ "ተበላሽቷል" ሊልህ ይችላል። ቀለሙ ያምራል፣ ቀለሙን ማንበብ ነው ሥራው።

---

ዶክ_ከጎንደር · ጎንደር

ማግኔት ቤት ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን ከሌላ በኩል ልምጣ፣ አጠቃላይ ሐኪም ነኝ።

ቦስተን አጠገብ ፍሬሚንግሃም የሚባለው የታወቀው ጥናት ላይ አንድ ነገር ተሠርቷል፣ በ2012 የወጣ። ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ ራጃቸው ንጹህ የሆነ 710 ሰዎች ጉልበት በኤም አር አይ ታየ። 89 ፐርሰንቱ ቢያንስ አንድ ችግር ተገኘባቸው። የልም አጥንት ጉዳት ብቻውን 69 ፐርሰንት ላይ። እና የሚያማቸውም የማያማቸውም ብዙ አይለያዩም ነበር! ስለዚህ ከ50 በላይ የሆነ ሰው ሁሉ ማግኔት ውስጥ ብናስገባ ሁሉንም በሽተኛ አድርገን ልናወጣው ነው። ሪፖርት ይዞ የሚመጣ ሰው አያለሁ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ስንት ብር ከፍሎ፣ ወረቀቱን ሲያነቡለት የተሰማው ድንጋጤ ከጉልበቱ ይብሳል። ኤም አር አይ ያየው ነገር ሁሉ የሕመምህ ምክንያት አይደለም።

ደሞ አንዱ ዋና ጥያቄ ቀርቷል፣ አውቀኸውስ ምን ታደርጋለህ? ልም አጥንት የሚመልስ ወይም መበላሸቱን የሚያቆም ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ቲ2ህ 36 ቢሆን "ክብደት ቀንስ፣ ጡንቻህን አጠንክር" እልሃለሁ። 46ም ቢሆን "ክብደት ቀንስ፣ ጡንቻህን አጠንክር" ነው። ታዲያ ለ10ሩ ቁጥር ለምን ትከፍላለህ?

---

ቅልጥም_ወዳጅ · አትላንታ

ዶክ መድኃኒት የለም ስትል ገረመኝ፣ የቅልጥም መረቅ ረሳችሁት እንዴ? ኮላጅን ማለት እኮ አጥንት ውስጥ ያለው ነው። አባቴ በየሳምንቱ ይጠጣ ነበር፣ 80 ዓመቱ ድረስ ማረሻ ይዟል። ፈረንጅ አሁን በዱቄት እያደረገ በ50 ዶላር ይሸጥላችኋል

---

ዶክ_ከጎንደር · ጎንደር

ቅልጥም ወዳጅ፣ አባትህን ያቆማቸው ማረሻው ነው መረቁ አይደለም ብል አትቀየመኝ። መረቅ ጠጣ ማን ከለከለህ፣ ይጣፍጣል። ግን ኮላጅኑ ሆድህ ውስጥ ይፈጫል እንጂ ተሰልፎ ጉልበትህ ጋ አይሄድም።

እንደውም አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ኃያላኑ አየር ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲሞክሩ አየሩ ውስጥ ያለው ካርቦን 14 በጣም ጨመረ፣ ከዛ ስምምነት ሲፈርሙ እየቀነሰ መጣ። የዴንማርክ ተመራማሪዎች ይሄን እንደ ቀን ማኅተም ተጠቅመው የሰው ጉልበት ውስጥ ያለው ኮላጅን መቼ እንደተሠራ አሰሉ፣ 2016 ላይ ነው ያወጡት። በልጅነትና በጉርምስና የተሠራው ነው ዕድሜ ልክ የሚያገለግለን፣ ከዛ በኋላ የሚታደስ ነገር እዚህ ግባ አይባልም፣ የታመመው ጉልበት ላይ እንኳን። የመሶቡ ስፌት ያልነው አንዴ ነው የሚሰፋው ማለት ነው። መሀሉ ላይ የታጨቀው ግን ይታደሳል፣ ቀስ ቢልም።

---

ማግኔት_ቤት · ሜሪላንድ

ዶክ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርህ ለኔ ነው የምትመሰክረው እኮ! ስፌቱ የማይታደስ ከሆነና የታጨቀው የሚታደስ ከሆነ፣ ስፌቱ ሳይበጠስ የታጨቀው ሲቀንስ ማወቁ ነዋ ዋናው። ያችን መስኮት ራጅ አያያትም፣ የተለመደው ኤም አር አይም ብዙውን ጊዜ አያያትም።

"ለምን ትከፍላለህ" ላልከው ለአንድ ሰው ከሆነ እስማማለሁ፣ ለሕክምናው ዓለም ግን አልስማማም። አንድ ልጥቀስልህ። ቦስተን ውስጥ 140 ሰዎች ላይ የተሠራ ነው፣ 2017 ላይ የወጣ። ግማሹ በየ3 ወሩ ጉልበቱ ውስጥ ስቴሮይድ ይወጋል፣ ግማሹ ጨው ውሃ፣ ለ2 ዓመት። መጨረሻ ላይ ሕመሙ ላይ ልዩነት የለም፣ ልም አጥንቱ ግን ስቴሮይድ የተወጉት ላይ 0.21 ሚሊሜትር ሳሳ፣ ጨው ውሃ የተወጉት ላይ 0.10። በኤም አር አይ ተለክቶ ነው ይሄ። ራጅ ይዘህ ይቺን የሚሊሜትር አስረኛ ከየት ታገኛታለህ? ስንት ሰው ነው በየጊዜው "መርፌዋን ውጉኝ" እያለ የሚመላለሰው።

---

ዶክ_ከጎንደር · ጎንደር

እሺ ይቺን ሰጠሁህ 🙂 ያንን ጥናት ካነበብኩ በኋላ እኔም መርፌው ላይ እጄን ሰብስቤያለሁ። ግን አንተም ሌላኛውን አትደብቅ፣ ስፕሪፈርሚን የሚባለውን የሙከራ መርፌ። እሱን የተወጉት ሰዎች ልም አጥንታቸው በኤም አር አይ ሲለካ በርግጥም ትንሽ ወፈረ፣ ሕመማቸው ግን ዋናው ልኬት ላይ ጨው ውሃ ከተወጉት አልተለየም። ምስሉ ዳነ ሰውየው አልዳነም። እኔ የማክመው ሰውየውን ነው።

---

እትዬ_ዘነቡ · ሚኒያፖሊስ

ልጆቼ ጨዋታችሁ ደስ ይላል ግማሹ ባይገባኝም። እኔ 64 ዓመቴ ነው፣ ሁለቱም ጉልበቴ ያመኛል። ልጄ ኤም አር አይ አስይዛልኛለች በሚቀጥለው ሳምንት፣ የሬሳ ሣጥን ይመስላል አሉኝ ፈራሁ። ደሞ የሰሙነ ሕማማት ስግደት ነው ጉልበትሽን የጨረሰው ትለኛለች፣ እውነት ነው ወይ? አንገቴ ላይ ያለውን መስቀልስ አውልቂ ይሉኛል?

---

ማግኔት_ቤት · ሜሪላንድ

እትዬ ዘነቡ አይፍሩ እናቴ። ለጉልበት ሲሆን በእግርዎ ነው የሚገቡት፣ አብዛኛውን ጊዜ ራስዎ ውጭ ነው ወይ ደጁ ላይ ነው የሚሆነው፣ ጣሪያውን ያያሉ። ድምፁ ግን ይጮኻል፣ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፣ የጆሮ መድፈኛ ይሰጥዎታል። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ነው፣ ጨረር የለውም፣ ዋናው እግርዎን አለማንቀሳቀስ ነው። ሲፈሩ የሚጫኑት ደወል እጅዎ ላይ አለ።

መስቀሉ ብረት ከሆነ ይወልቃል። የማተቡ ክር ችግር የለውም፣ ብረቱን ብቻ ነው። ብዙ እናቶች ማተብ በጥሱ የተባሉ እየመሰላቸው ሲያለቅሱ አይቻለሁ፣ እኔ ሁሌ ክሩ እንዲቀር አደርጋለሁ፣ የሚያነሳዎት ሰው ካልገባው ልጅዎ ታስረዳው። ልብዎ ላይ ፔስሜከር ወይም ሰውነትዎ ውስጥ ድሮ የገባ ብረት ካለ ግን አስቀድመው መናገር አለብዎት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የስግደቱን ነገር ለሰብለ ትቻለሁ።

---

ሰብለ_ፊዚዮ · አዲስ አበባ

እትዬ ስግደቱ ብቻውን አልጨረሰውም፣ ልጅዎ ትንሽ አጋንናለች። ጉልበት በጣም ሲታጠፍ በተለይ ሎሚው ላይ ጫናው ይከብዳል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ቆይቶ ስቅለት ላይ በአንድ ቀን መቶ ምናምን ጊዜ መስገድ ደሞ ላልለመደ ጡንቻ ከባድ ነው። እኔ ለበሽተኞቼ የምለው ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ከወንበር ተነሱ ተቀመጡ፣ በቀን አሥር ጀምሩና ጨምሩ ነው። ለአባቶችም መንገር ይቻላል፣ አቅም ለሌለው መቆምም ቁጭ ማለትም ይፈቅዳሉ።

ክብደትም አለ፣ ማንም አይቀየመኝ። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዷ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል፣ ይሄ ወፈር ባሉ ትልልቅ ሰዎች ላይ ተለክቶ የታወቀ ነው። አምስት ኪሎ ቢቀንሱ ሃያ ኪሎ ጤፍ ከጉልበትዎ ላይ አወረዱ ማለት ነው፣ በየእርምጃው።

---

ሚሚ_ሐይፋ · ሐይፋ

እኔም ጥያቄ አለኝ። አክስቴ ለጉልበቷ በደም ስር መድኃኒት ተወግታ ነው ኤም አር አይ የተነሳችው የዛሬ ስንት ዓመት፣ ከተወጋች በኋላ ተራመጂ ብለዋት ከዛ አንድ ሰዓት ተኩል አስጠበቋት። እኔን ደሞ ምንም ሳይወጉ አነሱኝ። የትኛው ነው ትክክሉ?

---

ማግኔት_ቤት · ሜሪላንድ

ዋው ሚሚ፣ አክስትሽ ዲጀምሪክ የሚባለውን ነው የሠራችው ማለት ነው፣ አሁን ብዙም አይገኝም። በ1990ዎቹ ቦስተን ውስጥ ነው የተፈለሰፈው፣ ሐሳቡ ራሱ ቆንጆ ነው። የሚወጋው ጋዶሊኒየም ያለበት ፈሳሽ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ልም አጥንቱ ውስጥ የታጨቀውም ኔጋቲቭ ነው ብያለሁ። ሁለቱ ይገፋፋሉ፣ ስለዚህ ጤነኛ ቦታ ላይ ፈሳሹ አይገባም፣ የታጨቀው የሾለከበት ቦታ ላይ ግን ሰተት ብሎ ይገባል። መራመዷና መጠበቋ ፈሳሹ ከደም ወጥቶ እስኪሰርግ ነው።

ለምን ቀረ ካልሽ አንደኛ ረጅም ነው፣ ማን ማሽን ይዞ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል። ሁለተኛ ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ላይ እንደዚህ አይነቱ ጋዶሊኒየም ቆዳ የሚያደርቅ ከባድ በሽታ እንደሚያመጣ በ2006 ታወቀ፣ ከዛ 2017 ላይ አውሮፓ ለዚህ የሚጠቀሙበትን ዓይነት በደም ስር መስጠት አገደች። ያንቺ ያለመርፌው ለተለመደው ጥያቄ በቂ ነው።

መርፌ የማይፈልግ ሌላም አለ፣ ሶዲየም ኤም አር አይ። ጨው ማለት ነው በቃ፣ ሶዲየም ፖዘቲቭ ስለሆነ ኔጋቲቩን ተከትሎ ልም አጥንት ውስጥ ይከማቻል፣ ጨው ያነሰበት ቦታ ያ የታጨቀው ነገር ያነሰበት ነው። ግን ሲግናሉ ደካማ ነው፣ 7 ቴስላ ቢሆን ነው ደህና የሚታየው፣ 7 ቴስላ ደሞ እዚህ አሜሪካ ለሕክምና የተፈቀደው ገና በ2017 ነው፣ ጥቂት ቦታ ነው ያለው። እኔ ራሴ ነክቼው አላውቅም፣ ቅናት አለብኝ።

---

ሯጭ_ቦልደር · ቦልደር፣ ኮሎራዶ

ዘግይቼ ገባሁ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ማራቶን እሮጣለሁ፣ ሁሉም ሰው "ጉልበትህን እየጨረስከው ነው" ይለኛል። ሳንፍራንሲስኮ ያሉት ሰዎች ሕመም የሌለባቸውን ማራቶን ሯጮች ከውድድር በፊት፣ ወዲያው ከውድድር በኋላና ከ3 ወር በኋላ አንስተዋቸው ነበር፣ 2010 ላይ ነው የወጣው። ከሩጫው በኋላ ቲ2ም ቲ1 ሮም ከፍ ብሏል፣ ቲ2ው ከ3 ወር በኋላ በአብዛኛው ተመለሰ፣ ቲ1 ሮው ግን እንደከፋው ቆየ። እሱን ካነበብኩ ወዲህ በዓመት አራት ማራቶን የምሮጠውን ሁለት አድርጌዋለሁ፣ ልክ ልሁን አልሁን አላውቅም፣ ሯጮቹ ጥቂት ናቸው።

ኤም አር አይ ሲባል ደሞ ኃይሌ ነው ትዝ የሚለኝ። ኅዳር 2010 በፈረንጅ፣ ኒውዮርክ ማራቶን፣ ቀኝ ጉልበቱን በዋዜማው ኤም አር አይ አነሱት፣ ውሃ ቋጥሯል ጅማቱም ተቆጥቷል ተባለ፣ እሱ እያወቀ ሮጠ፣ 16ኛው ማይል አካባቢ ድልድዩ ላይ ወጣ፣ ከዛ ፕሬስ ላይ ሩጫ አቆምኩ አለ። ያን ቀን እኛ ቤት ሐዘን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ፣ እኛም ለቅሶአችንን አነሳን። የሱ ግን ልም አጥንት አልነበረም፣ ጅማት ነው፣ ለዚህ ነው ምስሉ ጥሩ የሚሆነው፣ የትኛው እንደሆነ ይለይልሃል።

---

አራዳው · አዲስ

እኔ ቀልጄ ነበር የገባሁት አሁን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን እያዳመጥኩ ነው፣ እግዜር ይይላችሁ

---

ጉልበቴ_ተናገረ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ሰዎች ሦስት ሳምንት ጠፋሁ ይቅርታ። ሁላችሁንም አንብቤ ለሐኪሙ ጥያቄ ጽፌ ይዤ ሄድኩ፣ ሳቀብኝ ግን መለሰልኝ።

ቲ2 ማፒንግ እነሱ ጋ የለም፣ ለጥናት የሚሠራ ቦታ እንዳለ ነገረኝ፣ ግን "ላንተ ውሳኔዬን አይቀይረውም" አለኝ፣ ቃል በቃል የዶክን ነው የደገመው። የግራውን ማንሳት አያስፈልግም አለ፣ ካልታመመ ተወው። ኤሲኤሉን አሁን ስለማሰራት ገና እየተነጋገርን ነው፣ ጉልበቴ ሲዞር ካልከዳኝ አይቸኩልም ይላል። ጅማቱ የተበጠሰበት ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ራጅ ላይ የሚታይ መሸርሸር ይዞ ይመጣል አለኝ፣ ቢሠራም ባይሠራም። እኔ 14ኛው ላይ ነኝ፣ ራጁ ገና ንጹህ ስለሆነ ዕድለኛ ነህ ተባልኩ። ዕድለኛ መሆኔን ጉልበቴ አልሰማም።

ሰብለ ጭኔን ለካሁት፣ ቀኙ በ3 ሳንቲሜትር ያንሳል። ተደንግጬ ነው የደገምኩት፣ ያው ነው።

---

ሰብለ_ፊዚዮ · አዲስ አበባ

3 ሳንቲ! ይኸው እኮ፣ ይሄ ማግኔት አይፈልግም ነበር። 14 ዓመት ሙሉ ያ እግር ሥራውን ለግራው እያሸከመ ነበር ማለት ነው። ፊዚዮ ጽፎልሃል? ካልጻፈ ተመልሰህ ጠይቀው። እስከዛ በየሁለት ሰዓቱ ከመኪናው ውረድ፣ ሃያ ጊዜ መኪናውን ተደግፈህ ቁጭ ብድግ በል፣ ተሳፋሪ ካፈጠጠ ይፍጠጥ።

---

ጉልበቴ_ተናገረ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጽፎልኛል፣ በሳምንት ሁለቴ ነው፣ ማክሰኞ ጀመርኩ፣ የምታሠራኝ ልጅ ርኅራኄ የሚባል የላትም 😅

---

ማግኔት_ቤት · ሜሪላንድ

ጎበዝ። አንድ ነገር ብቻ፣ የኤም አር አዩን ሲዲ ተቀብለሃል? ወረቀቱን አይደለም ምስሉን። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ድጋሚ ብትነሳ የሚያነበው ሐኪም አሁን ያለውን አጠገቡ ካላስቀመጠ ባሰ ወይ ተሻለ ማለት አይችልም፣ ከተቻለ ደሞ እዛው ማሽን ላይ ተነሳ። ሰው ሲዲውን ይጥለውና ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እኛም ከዜሮ እንጀምራለን።

---

ጉልበቴ_ተናገረ · አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

አለ አለ፣ መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ነው ያለው

---

ማግኔት_ቤት · ሜሪላንድ

ሐምሌ ላይ? አሁኑኑ ውረድና ቤት አስገባው

---

እትዬ_ዘነቡ · ሚኒያፖሊስ

ተነሳሁ ልጆቼ። እውነትም ወፍጮ ቤት ነው። ክሩን አልነኩብኝም።